የማይታየው በር ጌታ

ኔሪስ ልጄ፣ ነይ እዚህ ጎኔ ተቀመጪ። ከመስኮቱ ራቅ በይ፣ ነፋስ ያስገባል። ባቡሩ አላጉላላሽም? ከካርዲፍ እዚህ ለንደን ድረስ፣ በዚህ ዝናብ... ደግ አድርገሻል። ሻዩን አትንኪው፣ ቀዝቅዟል። ብስኩቱ ግን ይበላል። ዓምና ያቀረቡልን ብስኩት ጥርስ የሚያነቃንቅ ነበር። እኔም ለጡረተኞች ማኅበራችን ጸሐፊ ቅሬታዬን በአክብሮት ነገርኋት፤ ዘንድሮ ይኸው ለስልሷል። ለካ ሰው ጥፋቱን ሲነግሩት ያርማል... አንዳንዱ ሰው ማለቴ ነው።

አባትሽስ እንዴት ነው? ጉልበቱ ይታዘዝለታል? ሬዲዮኑን ከፍቶ ተቀምጧል በይኛ። የዛሬው ንግግር በሬዲዮ ይተላለፋል ሲሉኝ መጀመሪያ የታወሰኝ እሱ ነው። ኤምሊን ወንበሩን ወደ ሬዲዮኑ አስጠግቶ፣ እናትሽን ዝም በይ እያለ... እናትሽን ዝም ማሰኘት ከቻለ ማለቴ ነው። እኔ እንኳ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ማዳመጫ በጆሮዬ አድርጌ ስቱዲዮ ውስጥ ሰው ዝም ሳሰኝ የኖርሁት፣ እሷን አንድ ቀን አልቻልሁም። በስቱዲዮው "ርእሰ መምህሩ" ይሉኝ እንደ ነበር አጫውቶሻል? በሹክሹክታ ነበር የሚሉኝ። ሹክሹክታም ክልክል ስለ ነበር ደግሞ እቀጣቸው ነበር።

አይ፣ ዞር አትበይ። ከፊታችን ባለው ረድፍ፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን የተቀመጡት፣ ያ እንደ ጥጥ የነጣ ጸጉር ያላቸው... አዎን፣ እሳቸው ናቸው፤ የዛሬው ተሸላሚ። ስማቸውን መጥራት አያስፈልግም፤ በሩ ላይ በትልቁ ተጽፏል። ደግሞስ ትልቅ ሰው በስሙ ይጠራል እንዴ? አይሰሙንም፣ አትስጊ። ግራ ጆሯቸው ከብዷል ይባላል። እኛ የተቀመጥነው በስተቀኛቸው መሆኑ... እሱ እንግዲህ አጋጣሚ ነው።

ሰውን ሲሸልሙ ማየት ደስ ይላል፤ አይደለም? በተለይ እንደ እሳቸው ያለውን። ሐሰት አልናገርም ልጄ፣ ትልቅ ባለሙያ ናቸው። ወደ እኛ የመጡት ከቲያትር ቤት ነው፤ የከፋይ ኮት ለብሰው፣ ከላይ እስከ ታች እንደ ሙሽራ አምረው። በዚያን ጊዜ ቴሌቪዥን ገና ዳዴ የሚል ሕፃን ነው። የጠፈር ታሪክ መሥራት ደግሞ ከሁሉ የተናቀው ሥራ ነበር። ሌሎቹ የመድረክ ንድፍ አውጪዎች ሁሉ የመሳፍንት ሳሎን፣ የንጉሥ አዳራሽ ነበር የሚሹት። ማርስን ማን ይፈልጋታል? እሳቸው ግን "እኔ እሠራታለሁ" አሉ። ሠሩም። ከእንቁላል መያዣ ካርቶን የሮኬት ግድግዳ ሲያወጡ በዓይኔ አይቻለሁ። የወተት ጠርሙስ ክዳን መብራት ሆነ፤ የሾርባ ማጥለያ መሪ ሆነ። አንዲት የሌስተር እመቤት "ካፒቴኑ መንኮራኩሩን የሚነዳው በእኔ የሾርባ ማጥለያ ነው" ብላ ጽፋልን ነበር። ይህን ማንም አይነጥቃቸውም። የቬነስን ረግረግ ከአሮጌ መጋረጃና ከገንፎ ሲሠሩ ግን... ገንፎው ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሸተተ፤ ተዋናዮቹም የሞት ትዕይንታቸውን ያለ ልምምድ በሚገባ ተጫወቱት። ሙያ ማለት ይህ አይደለም?

እንግዲህ ነገርን ነገር ያነሣዋል። አንቺ በቀለም ቴሌቪዥን ዘመን የተወለድሽ ነሽና ላይገባሽ ይችላል። የያኔው ካሜራ ቀለም አያውቅም። ቀዩም አረንጓዴውም ለእሱ ግራጫ ነው፤ ልዩነቱ የጠቆረና የፈዘዘ ከመሆን አያልፍም። ስለዚህ የሙያው ሰዎች ሁሉ በአንገታቸው ጭስ የመሰለች ትንሽ መስታወት ያንጠለጥሉ ነበር። በእሷ ያየ ሰው ዓለምን ካሜራው እንደሚያያት፣ ቀለሟን ጥላ ያገኛታል። የእሳቸው መስታወት ጠርዟ ብር፣ ክሯ ሐር ነበር። እንዴት ታምርባቸው እንደ ነበር! ከከፋይ ኮታቸው ጋር ትስማማለች፤ ሲራመዱ ደረታቸው ላይ ትጫወታለች፤ ሲያስቡ በመሐረብ ይወለውሏታል። ዓይናቸው ላይ ሲያደርጓት ያየሁበትን ቀን ግን... አላስታውስም። እርጅና ነው መሰለኝ።

ያችን ምሽት ግን አስታውሳለሁ። አባትሽ ነግሮሽ ይሆናል፤ የእኔን ደግሞ ስሚኝ፣ እኔ ማዳመጫ ነበረኝ። በአንዲት ጨረቃ ላይ ወድቀው ስለ ቀሩ ሰዎች የሚተረክ ተከታታይ ታሪክ ነው። የሚተላለፈው በቀጥታ ነው፤ ስሕተት ቢፈጠር ተመልሶ ማረም የለም። ትሬጊር የሚባል ተዋናይ የሞተ የመሰለውን ካፒቴን ሆኖ ይጫወታል። ጓዶቹ በሐዘን ተቀምጠው ሳለ በሩ ይከፈታል፣ ካፒቴኑ ይገባል፣ አገር ያለቅሳል። ይኸው ነው። አባትሽ በሁለተኛው ካሜራ በሩን አስቀድሞ ይይዛል፤ በሩም እስኪከፈት ይጠብቃል። ጠዋት ሲለማመዱት እንደ ውሃ ፈሰሰ። ግድግዳው አረንጓዴ፣ በሩ ግን የፈዘዘ ግራጫ ነበር፤ በካሜራውም ሁለቱ ተለይተው ይታዩ ነበር።

ከዚያ ራት ደረሰ። ሁላችን ወደ መብል ቤቱ ወረድን፤ እሳቸው ግን ሥራ ወዳድ አይደሉ? እዚያው ቀሩ። ግድግዳውን አዩት፣ በሩን አዩት፣ በገዛ ዓይናቸው አዩት... መስታወቷ ደረታቸው ላይ ናት። "ይህ በር ሕይወት የለውም" አሉ አሉ። ጠቢብ ሰው ናቸውና ሕይወት የሌለውን ነገር ያውቃሉ። ቀለም ቀቢውን ሲረልን ጠርተው "ቀይ አድርገው፣ እንደ ደም የቀላ" አሉት። ሲረልም ታዘዘ፣ ቀባ። ከራት ስንመለስ በሩ ቀልቷል፤ እውነትም ለዓይን ያምር ነበር። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ይባል የለ? እኛ ደግሞ ቀዩን አየን እንጂ ግራጫውን ማን አየ? እንደገና ለመለማመድ ጊዜ አልነበረም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ የእሳቸው መታጠቂያ ግን የተፈታው በሌላ ሰው ወገብ ላይ ነው።

ስርጭቱ ተጀመረ። ሰዎቹ አዘኑ፣ አለቀሱ። ዳይሬክተሩ ከላይ ክፍል ሆኖ በጆሯችን፣ "ካሜራ ሁለት፣ በሩ ላይ" አለ።

አባትሽ፣ "በር የለም" አለ።

"ምን ማለትህ ነው በር የለም?"

"ጌታዬ፣ የማየው ግድግዳ ነው። በር የለም።"

ይህን የሰማሁት በዚህ ጆሮዬ ነው። ቀዩና አረንጓዴው ካሜራው ውስጥ ሲገቡ አንድ ግራጫ ሆነዋላ! ኤምሊን ራሱን ከካሜራው ቀና ሲያደርግ በሩ አለ፤ ዓይኑን ወደ መመልከቻው ሲመልስ በሩ የለም። እንዲህ ያለ ነገር አንቺ ላይ ቢደርስ ምን ትያለሽ? ዓይኔ ነው ወይስ ዓለም ነው አትዪም? ምስኪን፣ ካሜራውን ይዞ ግድግዳውን እንደ ዕውር ሲዳብስ፣ ወደ ግራ ሲል፣ ወደ ቀኝ ሲል... በዚያች ቅጽበት ደፍኑ ግድግዳ ተሰንጥቆ ትሬጊር ከመካከሉ ወጣ። ቀለሙ አልደረቀም ነበርና ጓንቱ በሙሉ ደም መስሏል። ደግነቱ ያም ቢሆን ግራጫ ነው።

ቅጣቱ ማታውኑ መጣ፤ ሙገሳው ግን ሲነጋ። ይህን ልብ በይልኝ፣ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ማታ፣ አለቃው ስቱዲዮው ድረስ ወርዶ "ካሜራው ለምን ባከነ? ያ ሰውስ በቀጥታ ስርጭት ላይ በር የለም ብሎ የሚከራከረው ለምንድን ነው?" ብሎ ሁላችንን ጠየቀ። ነገሩን በአንድ ቃል ሊፈታው የሚችል አንድ ሰው በመካከላችን ነበር። መስታወታቸውን ይወለውሉ ነበር። እንዲያ ተመስጠው ሲወለውሉ እንዴት ያሳዝናሉ! ዝምታ ወርቅ ነው ሲሉ እሰማ ነበር፤ ያን ዕለት ግን ወርቁ ሲነጠርም አየሁ። እኔ? እኔማ ቀለም የማላውቅ፣ ሰው ዝም አሰኚ ነኝ፤ በሩ ለምን እንደ ጠፋ የገባኝ ሲረል በማግሥቱ ሲነግረኝ ነው። አለቃው በመጨረሻ አባትሽን "ዓይንህ ደክሟል" ብሎ ከስቱዲዮ አስወጣው። በኋላም የዓይን ሐኪም ዘንድ ላከው። ሐኪሙ "ይህ የጭልፊት ዓይን ነው" ቢልም፣ አለቃው "ሐኪም ፊደል እንጂ በር አያሳይም" ብሎ ሳይመልሰው ቀረ።

ሲነጋ ጋዜጣው ምን ብሎ ወጣ መሰለሽ? "በር የሌለው ግድግዳ ሰው ወለደ፤ እንዲህ ያለ ጥበብ በቴሌቪዥን ታይቶ አይታወቅም።" የካሜራው ፍለጋ ሳይቀር ተወደሰ፤ "ሰው በጨለማ መውጫ እንደሚፈልግ" ተባለለት። አገር በመላ ስለዚያ ግድግዳ አወራ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ይባላል... ያን ዕለት ግን ጠቡ ለአንዱ፣ ድግሱ ለሌላው ደረሰ። እንግዲህ ማን ይመልሰው? አባትሽን ለመመለስ "በሩ የጠፋው በስሕተት ነው" ማለት ያስፈልጋል። ይህን ያለ ሰው ደግሞ ጥበቡን አጣ። ጋዜጠኛ መጥቶ "እንዴት አሰቡት?" ሲላቸው፣ እሳቸው "በሕልሜ ታየኝ" አሉ። ትሕትና ይሉሻል ይህ ነው! ሥራውን ለራሳቸው አላደረጉም፤ ለእንቅልፋቸው ሰጡት።

ከዚያማ ማን ያስቁማቸው? ሁሉም "ያንን በር ይሥሩልን" አለ። በማርስ በር የለም፣ በቬነስ በር የለም፤ የሰማይ ፍጡራን ሁሉ መንኮራኩር መሥራት ችለው በር መሥራት ያቃታቸው ይመስል። ልጆች እንኳ ገብቷቸው ነበር፤ ደፍን ግድግዳ ሲያዩ "ይኸው፣ ሰው ሊወጣ ነው" ይሉ ጀመር። የሚገርመው ታዲያ ቀለሞቹን የሚያዋህደው ሲረል ነበር፤ እሳቸው "እንደዚያኛው አድርገው" ነው የሚሉት። ቀለም ቴሌቪዥን ሲመጣ ያንኑ ግድግዳ ከግምጃ ቤት አውጥተው ለአዲስ ታሪክ አቆሙት። ቀይ በር በአረንጓዴ ግድግዳ ላይ! ቀይና አረንጓዴ የገና ጌጥ ቀለም ነውና ሕዝቡ ጨረቃ ላይ የገና በዓል የተከበረ መሰለው። እሳቸው ግን አልደነገጡም፤ "ይህ የተስፋ ምልክት ነው" አሉ። የክፍሉ ኃላፊ የሆኑት በዚያው ዓመት ነው። መቼስ እንዲህ ያለ ሰው ካልተሾመ ማን ይሾማል?

አባትሽ በዚያን ጊዜ ከስቱዲዮ ወጥቶ ከውጭ ቀረጻ መኪናዎቹ ጋር ይዞር ነበር። በዝናብ የፈረስ እሽቅድምድም፣ እሑድ እሑድ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የማረስ ውድድር... በሬ አልነበረም እንጂ፣ የእርሻ መኪናዎቹ ቀስ ብለው ሲያርሱ ግማሽ ቀን ሙሉ አሳየን። አልተማረረም። "ፈረስ ግድግዳ ውስጥ አይጠፋም" ነው ያለኝ። ሥራውን ሳያጎድል ሠርቶ በክብር ጡረታ ወጣ። ስቱዲዮ ግን ዳግመኛ አልገባም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይላል የአገሩ ሰው፤ እምዬ ግን ቢያንስ እከኩ የማን እንደ ሆነ ታውቀዋለች። ኤምሊን አያውቀውም ልጄ። ነገሩ እዚህ ላይ ነው የሚያመኝ።

ስንት ጊዜ ነገርሁት! "በር አልነበረም፤ ያየኸው ልክ ነው፤ ሲረል ነግሮኛል" አልሁት። ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? "አንተ ወዳጄ ነህ፤ ወዳጅ የሚለውን ትላለህ። ያን ቀለም ያዘዘው ሰው ይበለው።" አሁን ግራ ዓይኑ በእውነት ሲደክም ደግሞ ባለፈው ሳምንት በስልክ፣ "ያኔም ሳይደክም አልቀረም መሰለኝ" አለኝ። ሰማሽ? በጭልፊት ዓይኑ የኖረ ሰው፣ ዕድሜውን ሙሉ በትክክል ያየውን ነገር በስተርጅና ሊተወው ነው። የሚሻው ሽልማት አይደለም፣ ይቅርታም አይደለም። ሁለት ቃል ነው፤ "በር አልነበረም"። ከእነዚያ ከንፈሮች ሁለት ቃል። ሬዲዮኑንም የከፈተው ለዚሁ ነው። አንቺንም በዚህ ዝናብ የላከሽ ለዚሁ ነው፤ አላለሽም እንጂ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እዚህ ግን የተወጋው እየረሳ ነው። የወጋው ደግሞ እንዴት ይርሳው፤ በየዓመቱ እየሸለሙ ያስታውሱታላ!

እስኪ ቀስ ብለሽ ተመልከቺ... ጆሯቸው ቀልቷል። ቀኝ ጆሯቸው ነው። ሙቀቱ ይሆናል፤ ማሞቂያውን ዛሬ አበዙት። ቴሌቪዥኑ የድሮው ቢሆን ኖሮ አይታይም ነበር። ብስኩታቸውንም አልጨረሱም... ለስላሳ ነው ብያቸው ነበር እኮ።

ተነሡ። ስማቸው ተጠራ፣ ይኸው ተነሡ። ቀጥ በይ፣ ወደዚህ እየመጡ ነው... እንኳን ደስ አለዎት ጌታዬ፣ ይገባዎታል፣ ይገባዎታል። ይህች? የወዳጄ ልጅ ናት፤ ከካርዲፍ መጥታ ነው፣ እርስዎን ልትሰማ።

አየሽ፣ እጅሽን በሁለት እጃቸው ያዙሽ። "የማን ልጅ ነሽ?" አላሉሽም። የጨዋ ሰው ነገር፣ የሚያውቁትን አይጠይቁም። እጃቸው ቀዝቃዛ ነበር? ዕድሜ ነው፣ ዕድሜ። ቁርጥ አባትሽን ትመስያለሽ፤ አፍንጫሽን ማንም አይስተውም።

ዝም እንበል አሁን፣ የሬዲዮ ስርጭቱ ተጀምሯል። በጆሮሽ ላንሾካሽክልሽ... ልማዴን ስጥስ ይኸው የመጀመሪያዬ ነው።

ማኅበሩን አመሰገኑ። አለቃውን አመሰገኑ፤ ነፍስ ይማር። አናጢዎቹን አመሰገኑ፣ ሲረልን ሳይቀር በስሙ ጠሩት። ይህ መልካም ምልክት ነው፤ ሲረልን ያስታወሰ ሰው ቀለሙንም ያስታውሳል። የእንቁላሉን ካርቶን አነሡ፣ ሰዉ ሳቀ። አሁን ወደ ግድግዳው እየመጡ ነው... "ስለዚያች ምሽት ሁልጊዜ ይጠይቁኛል" አሉ። እጄን ያዢኝ ልጄ። ወደ እኛ ተመለከቱ። አንቺን ነው የሚያዩት። ቆሙ... እንዲህ ረጅም ዝምታ በሬዲዮ ላይ አይወደድም፣ አባትሽ ሬዲዮኑ የተበላሸ ይመስለዋል። አፋቸውን ከፈቱ... "ያ በር" አሉ...

ውሃ ጠጡ።

"ያ በር፣ ወዳጆቼ፣ በሕልሜ ነው የታየኝ።"

አጨብጭቢ ልጄ፣ ሁሉም እያጨበጨበ ነው። አታልቅሺ፤ እዚህ ሰው የደስታ ነው ይልሻል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ጭጋግ በሚበዛበት በእኛ አገር ጥቂት ይዘገያል እንጂ... ማታ አባትሽ ዘንድ እደውላለሁ፤ አንቺ ምንም አትበዪው። እኔ ደግሜ እነግረዋለሁ። ወዳጅነቴን ሰበብ ካደረገብኝም እስኪያምነኝ እጣላዋለሁ፤ መጣላትስ እችልበታለሁ።

በይ እንመርቃቸው። ትልቅ ሰው ሲሸለም ሳይመርቁ መሄድ ነውር ነው፤ አሜን በይ። ዳይሬክተሩ ሞቷል፣ ትሬጊር ሞቷል፣ ሲረልም አረፈ። ያን ዕለት ከነበርነው የቀረነው ሦስት ነን፤ አባትሽ፣ እኔና እሳቸው። እግዚአብሔር ቀናችን ሲደርስ እኛን ሁለታችንን በሰላም አስቀድሞ፣ ለእሳቸው ከሁላችን የረዘመ ዕድሜ ይስጥልን። ያን ነገር በዓይኑ ያየ በምድር ላይ እሳቸው ብቻ እስኪሆኑ ድረስ ያቆይልን። ጉልበታቸውን ያጽናው፣ ዓይናቸውን ያብራው፣ ቤታቸውን ጸጥ ያለ ያድርገው። ልባቸውን ደግሞ እንዲህ ብሩህ አድርጎ ይጠብቅልን፤ እስከ መጨረሻዪቱ ቀን ድረስ አንዲት ነገር እንኳ አያስረሳቸው።